ደጉ እንድሪስ

ሐመልማል ጠዋት ጠዋት ወደ ቦርከና የዕቃ ማሳለፊያ ማዕከል ስትገባ በሩ አይጮኽም፤ ሰውም አይጮኽም። ጠባቂው ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንድ ጊዜ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እርሷም አንድ ጊዜ ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰላምታው በዚያ ያልቃል። «እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ጎረቤቱስ» የሚለውን ረጅሙን ሰላምታ የሚወዱ ሠራተኞች ምድር ቤት ወዳለው የሰላምታ ክፍል ይወርዳሉ። በሩን ዘግተው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ፣ እስኪወጣላቸው ይሳሳማሉ። ከዚያም ኮታቸውን አስተካክለው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወደየክፍላቸው ይበተናሉ።

የእኩል ምቾት አዋጅ ከወጣ አንድ ትውልድ አልፎታል። ልብስ ሰፊ የትከሻ ልክ እንደሚወስድ ሁሉ፣ በኮምቦልቻ ሥራ የሚቀጠር ሰው የአእምሮ ልኩ ይወሰዳል። መብራቱ፣ የወንበሩ ርቀት፣ ጆሮው የሚደርሰው ድምፅ፣ የሚነገረው ቃል ሳይቀር በልኩ ይሰፋለታል። ይህን የሚሰፋው ማሽን አስማሚ ይባላል። አስማሚን ያየ ሰው የለም፤ በጆሮ ውስጥ ያንሾካሹካል፣ በጠረጴዛው መስተዋት ላይ ይጽፋል፣ በጣት ላይ ባለው ቀለበትም ቀለም ይለውጣል። አረንጓዴ ቀለበት ያደረገ ሰው ይነጋገራል። ቢጫ ያደረገ ሰው በጽሑፍ ብቻ ይገኛል። የሐመልማል ቀለበት አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም።

እርሷ የአዋጁ ጠላት አልነበረችም። ቀድሞ ኦቲዝም ይባል የነበረው ነገር ከልደቷ ጀምሮ አብሯት አለ፤ ከአዋጁ በፊት የነበረውንም ዘመን አልረሳችውም። ያኔ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይሠራ ነበር። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች እንደ ንብ ይጮሁባታል፤ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ቃሉ ሁሉ ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆንባታል፤ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን የሚይዛት ሰው ቀኗን ያበላሸዋል። ሰላም ሳትል ስላለፈች «ኩራተኛ»፣ ዐይን ዐይን ስለማታይ «ምን ደብቃ ነው?» ትባል ነበር። አሁን የራሷ የመስተዋት ክፍል አላት። መብራቱ እንደ ወተት ለስላሳ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውን ዕቃ በየባቡሩ እየደለደለች፣ ማንም ሳይነካት ትውላለች። ወደ ቤቷ ስትገባ እንደ ድሮው ልብሷን ሳታወልቅ አልጋ ላይ አትወድቅም።

በአሮጌው አዳራሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚገባት፤ እንድሪስ የሱፍ። ጎኗ ይቀመጥ ነበር። ሊያናግራት ሲፈልግ አስቀድሞ ጠረጴዛዋን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ቀና እስክትል ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ይናገራል። ይህን ያስተማረው አዋጅ አልነበረም። አንድ ቀን ድንገት ሲጠራት ከወንበሯ ስትዘል አይቶ «በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ጣሪያውን ትበሺዋለሽ» አለና፣ ከዚያ ወዲህ ሳያንኳኳ ጠርቷት አያውቅም።

እናቷ በሐይቅ ከተማ ያረፈች ዕለት አዳራሹ በሙሉ ያውቅ ነበር። መርዶ በወጉ ይነገር ብለው ተማከሩ፤ «እናትሽን ትንሽ አሟቷል፤ ነገ በጠዋት ሽማግሌዎች ይሸኙሻል» አሏት። ፊታቸውና ቃላቸው አልገጠመላትም፤ ያልገጠመ ነገር ደግሞ ያስፈራታል፤ እጆቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ እንድሪስ ጠረጴዛዋን ሁለቴ አንኳኳ። «እናትሽ ሞታለች» አላት። «አሁን አጠገብሽ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።» ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። የሐመልማል እጆች ግን መንቀጥቀጣቸውን አቆሙ።

በዚህ ሰሞን እንድሪስ ማዕከሉ ውስጥ አይታይም። ጉልበቱን ስላመመው ከቤቱ እንደሚሠራ አስማሚ ነግሯታል። ቢሆንም እንደ ዱሮው ጠዋት ጠዋት ይጽፍላታል፤ በመካከላቸው ያለውን የቆየ ጨዋታ አላቋረጠም።

«እንቆቅልሽ» አለ አንድ ቀን ጠዋት መስተዋቱ።

«ምን አውቅልህ።»

«ሲራብ ይተኛል፣ ሲጠግብ ይቆማል።»

ሐመልማል አሰበች። «አላውቅም።»

«እንግዲያው ሀገር ስጪኝ።»

«ሎጊያን ሰጠሁህ።»

«ሎጊያ መልካም ሀገር ነው፤ አመሰግናለሁ። መልሱ ጆንያ ነው። የተባረከ የሥራ ቀን ይሁንልሽ።»

ጽሑፉን ደግማ አነበበችው።

እንድሪስ በመጀመሪያ የተሰጠውን ሀገር ተቀብሎ አያውቅም። የጨዋታው ነፍስ ክርክሩ ነበር። ደሴን ስትሰጠው «ብርዱ ጥርሴን እንዲያረግፈው ነው?» ይላታል። ሚሌን ስትሰጠው «ጠብሰሽ ልትበዪኝ?» ይላታል። ሐርቡን ስትጨምር «እዚሁ ጓሮዬ ልትሸኚኝ!» ይላል። በመጨረሻ ሁልጊዜም እዚያው ይደርሳል፤ «ሐይቅን ስጪኝና እንታረቅ።» እርሷም ሁልጊዜ «ሐይቅ የእናቴ ሀገር ነው፤ አይሰጥም» ትለዋለች። «ስስታም!» ይላታል፤ ሌላ ሀገር ተቀብሏት፣ ተሳስቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ጸጉራቸው ሸበተ።

በማግሥቱ ሎጊያን መልሳ ሰጠችው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ሀገር ዳግመኛ አይሰጥም፤ እንድሪስ ደግሞ የተሰጠውን ሀገር እንደ ርስቱ ወሰን ያውቀው ነበር። «ሎጊያ መልካም ሀገር ነው፤ አመሰግናለሁ» አለ መስተዋቱ። በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻን ሰጠችው፤ ሁለቱም የሚኖሩባትን ኮምቦልቻን። አመሰገናት።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» ብላ ጻፈች።

«እየተሻለኝ ነው፤ ስላሰብሽኝ ደስ ብሎኛል። አንቺስ ዛሬ ውኃ ጠጥተሻል?»

እንድሪስ ካወቃት ጀምሮ ስለ ውኃ ጠይቋት አያውቅም።

የዚያን ዕለት ባቡሮቹን ስትደለድል ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ አስማሚም መብራቷን ይበልጥ አለሰለሰላት። በመስተዋቱ ግድግዳ በኩል ባልደረቦቿን አየቻቸው፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ ለስላሳ ብርሃን ለብሶ፣ ወደየመስተዋቱ አጎንብሶ ፈገግ ይላል። ዱሮ ሰው ለምን እንደሚስቅ ግራ ይገባት ነበር። አሁን የገባት መሰላት፤ እያንዳንዱ የሚያነበው ለራሱ ልክ የተሰፋ ቃል ነው፤ የገባት ነገር ግን አላስደሰታትም።

የመመቻቸት ኃላፊዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ደግ ሴት ናት። ቢሮዋ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ወንበር አለ፤ ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ የሚወዛወዝ።

«ነይ ሐመልማል፤ ደስ ያለሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልናገር። እንድሪስ ሞቷል?»

የፈትለወርቅ ዐይን ለአፍታ ወደ ጠረጴዛው መስተዋት ወረደ፤ የሚጻፍላትን ቃል እየጠበቀች እንደሆነ ሐመልማል ገባት።

«ምን አሳሰበሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ይህ መልስ አይደለም።»

«የኔ እኅት፣ ልክሽ ሲወሰድ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? ‹ድንገተኛ ነገር አልችልም› ብለሽ ነበር። በገዛ አንደበትሽ።»

«የስብሰባ ሰዓት ሲለወጥ ማለቴ ነበር።»

«ስብሰባ ካስጨነቀሽ ከስብሰባ የሚከብደው ይብስብሻል፤ አይደለም እንዴ? አባቶቻችንስ ቢሆኑ መርዶ እንደ ገበያ ወሬ ይነዙ ነበር? ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ሰው ይመርጣሉ፤ ለሐዘንተኛው ይሳሳሉ። አስማሚ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

«አባቶቻችን ቢያዘገዩም ይነግሩ ነበር። የእኔ ጊዜ መቼ ነው?»

«ልክሽ ሲፈቅድ።»

«ልኬ መቼ ይፈቅዳል?»

ፈትለወርቅ የጠረጴዛዋን ጠርዝ በጣቷ አበሰች። «ለመሆኑ ማን ሞተ አልኩ? እኔ ምንም አላልኩሽም። ይልቅስ እኔን እይኝ። የእኔም ልክ ተወስዷል። ጅማ ያለችው እኅቴ ሠርጌን ረግጣ ከወጣች ወዲህ ቃል ተነፋፍገን፣ ብንገናኝም ተሰዳድበን ነበር የኖርነው። ዘንድሮ ግን በየጠዋቱ ትጽፍልኛለች፤ ቃሏ ማር ማር ይላል። ሰው ደግ ቢሆን ምን ይከፋል?»

«እንድሪስ ደግ መሆን አይችልበትም።»

«በምን ጠረጠርሽው?» አለች ፈትለወርቅ ለስለስ ብላ።

ሐመልማል ሲጠይቋት እውነቱን የምትናገር ሰው ናት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። ስለ ክርክሩ ነገረቻት። የመጀመሪያውን ሀገር እንደማይቀበል፣ ደሴን በብርዷ ሚሌን በሐሩሯ እንደሚያማርር፣ መጨረሻ ላይ ሐይቅን እንደሚለምን፣ ስትከለክለው «ስስታም» እንደሚላት፤ አንድም ሳታስቀር። እርሷ ስትናገር የጠረጴዛው መስተዋት በስሱ ይበራ ነበር።

«አንድ ነገር ልምከርሽ» አለች ፈትለወርቅ እስከ በሩ እየሸኘቻት። «በሥራ ላይ አስማሚን አውልቆ ልኩን በገዛ እጁ የቀደደ ሠራተኛ ዝግ ክፍል አይገባውም። ቦታው የማራገፊያ አዳራሹ ነው። ያንን ጩኸት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። አዳራሹን ስታስብ ገና ከሩቁ ጥርሷ ይፋጫል።

ቢሆንም ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አላቀናችም። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። «ይህ መንገድ ጫጫታ አለበት» አለ አስማሚ በጆሮዋ፤ «በግራ ብትዞሪ ይሻልሻል።» ወደ ድልድዩ ቀጠለች። «ሐመልማል፣ ይህ ጉዞ በዕለቱ ዕቅድሽ ውስጥ የለም።» ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የባጃጁ ጡሩምባ፣ የሻጩ ጥሪ፣ የወንዙ ድምፅ በአንድነት ወረዱባት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተጓዘች።

በእንድሪስ ግቢ የዳስ ቋሚዎች ታስረው አጥር ተደግፈዋል። ድንኳኑ ተጣጥፎ በድንጋይ ተጭኗል። ከእድር ቤት የመጡ አግዳሚዎች ገና አልተመለሱም። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም፤ ነገር ግን በሩን አንኳኳች።

የከፈተችላት የእንድሪስ ባለቤት ዘሀራ ነበረች፤ ጥቁር ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራለች። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሐመልማል? አንቺ ራስሽ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እንድሪስ ሞቷል?»

«ሞቷል እንጂ። እዚያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፤ ልቡ ነው።»

«ጉልበቱስ?»

«ጉልበቱ ምን ሆነ? ጉልበቱማ እንደ ወይፈን ነበር።» ዘሀራ ወደ ውስጥ አስገባቻት። «ግን ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የምትጠይቂኝ? በየቀኑ ስታጽናኚኝ አልነበረም?»

«ምን ብዬ?»

«‹እንድሪስ የልብ ወንድሜ ነበር፤ እንባዬ አልደረቀም፤ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው› ብለሽ ነዋ! ቀብሩ ላይም ጠርተንሽ ‹ሰውነቴ ባይመጣም ልቤ ከእናንተ ጋር ነው› አልሽ።»

«እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

«እኔስ መች ጠፋኝ?» አለች ዘሀራ። «‹የዚያች ልጅ ቃል እንደ አሞሌ ጨው ነው፤ ደረቅ ነው፣ ግን ያጣፍጣል› ይለኝ ነበር። እንባዬ አልደረቀም ስትዪኝ ገርሞኝ ነበር። ሐዘን ሰውን ያለሰልሳል ብዬ ተቀበልኩት። ምን ላድርግ? ቃሉ ያምር ነበር።»

ሐመልማል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ አልመጣላትም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረች። ሌላ ለቀስተኛ ቢሆን ተንደርድሮ ባቀፋት ነበር። ዘሀራ ግን የወለሉን ሳንቃ በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳችና ቀና እስክትል ጠበቀች።

«አንቺን አቅፎ ማልቀስ አይቻልም ብሎኛል። አጠገብሽ ልቀመጥ?»

«አዎ።»

ተቀመጠች። ብርሃኑ ከመስኮቱ እስኪሸሽ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ልትሄድ ስትል ሐመልማል በሩ ላይ ቆመች። «ሐይቅን ሰጥቼዋለሁ» አለች።

ዘሀራ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች፤ ሳቅ ነው ለቅሶ ለመለየት ያስቸግር ነበር። «አይ ስስታም! በቁሙ ነበር እንጂ! ከእንግዲህ ምን ይሠራለታል?»

«ይሁን። ተሰጥቷል።»

በማግሥቱ ጠባቂው አንድ ጊዜ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ክፍሏ እንደ ወትሮው ወተት በመሰለ ብርሃን ተሞልቶ ጠበቃት። ማዳመጫውን መልሳ ጆሮዋ ውስጥ ስትከተው ዝምታው እንደ ሞቀ ውኃ ተቀበላት፤ ሰውነቷ ሳትወድ ተፍታታ። በዚህ ክፍል ተቀምጣ ጡረታዋ እስኪደርስ መኖር ትችላለች። ማንም አይከለክላትም። ማንም እንዳትጽፍ፣ ማንም እንዳትጫወት አይላትም።

«እንቆቅልሽ» አለ መስተዋቱ።

አልመለሰችም።

«ዛሬ ደግሞ ምላስሽን ዋጥሽው? እሺ፣ ተሸንፈሻል፤ ሀገር ስጪኝ።»

ጣቷ በልማድ ተንቀሳቀሰ። «ደሴን።»

«ደሴን? ደግሞ ለብርድ ልትዳርጊኝ! ጥርሴ ላይ ምን ክፉ ነገር አየሽ?»

ሐመልማል ሳቀች። ሳቁ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው፤ ሰምታውም ጸጉሯ ቆመ።

«ሚሌን» ብላ ጻፈች።

«ጠብሰሽ ልትበዪኝ ነው? ወይ አንቺ! ሐይቅን ስጪኝና እንታረቅ፣ ስስታም!»

አንድ ነጥብ አልጎደለውም። የሰጠችው እርሷ ነበረች፤ በዚያች ደግ ሴት ቢሮ ቆማ፣ ሲጠይቋት እውነቱን ተናግራ፣ እንድሪስን ቃል በቃል አስረክባለች። ነገ ደግሞ ይበልጥ ይመስላል። ከነገ ወዲያ የትኛው እንድሪስ እንደነበረ እርሷም ላታስታውስ ትችላለች።

«ሐይቅ ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች።

«ለማን?»

ተነሣች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች፤ ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በሩን ከፍታ በክፍሎቹ መካከል ወዳለው መተላለፊያ ወጣች። ብትጮኽ አስማሚ ድምፅዋን ከየጆሮው እንደሚያጠፋው ታውቃለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል የመስተዋት ግድግዳ ላይ በጣቷ አጥንት ሁለት ጊዜ አንኳኳች። በሁለተኛውም። በሦስተኛውም። መስተዋቱ ሲነዝር የተሰማቸው ሁሉ ቀና አሉ። ጆሮዋን እያሳየች ምልክት ሰጠቻቸው። በየክፍሉ እጆች አንድ በአንድ ወደ ጆሮ ሄዱ።

ቀና እስኪሉ ጠበቀች። «እንድሪስ የሱፍ ሞቷል» አለች። «ከተቀበረ ሰነበተ። አሁን ዝም እላለሁ።»

ዝም አለች።

«ጋሽ እንድሪስ?» አለ አንድ ወፍራም ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ። «እንዴት ሆኖ? ትናንት ጽፎልኛል እኮ። ልጄን እንኳን ማረልህ ብሎኝ…» ከማዶ ሌላ በር ተከፈተ፤ ከዚያም ሌላ። ማንም አልጮኸም። ሁሉም ወደየመስተዋቱ ዞሮ እያየ፣ እንደገና ወደ እርሷ ይዞራል።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ እየሮጠች መጣች። ቀለበቷ እስከዚያ ቀን ያልታየ ቀይ ቀለም ያበራል። «ሐመልማል፣ በፈጣሪ! ክፍልሽን በገዛ እጅሽ አጣሽው!»

«አውቃለሁ።»

ፈትለወርቅ መተላለፊያውን ግራና ቀኝ አየች። የተከፈቱትን በሮች አየች። ከዚያ ወደ ሐመልማል ተጠግታ፣ ማንም እንዳይሰማት አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ባነሰ ድምፅ ተናገረች።

«እኅቴ ዘንድሮ በጣም ደግ ሆናለች።»

ሐመልማል ማባበል አታውቅበትም። «ይስደቧት» አለች።

«ምን?»

«በቀድሞው ስድብ። በወጉ ይስደቧት።»

የወፍራሙ ሰው ክፍል ቅርብ ነበር። ፈትለወርቅ ገብታ መስተዋቱን በቀለበቷ በራሷ ስም ከፈተችና አጎነበሰች፤ በእኅትማማች መካከል ብቻ የሚባል፣ የእናትንም ስም የሚያነሣ አንድ መስመር ጻፈች። ልላከው አልላከው ብላ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ላከችው።

መልሱ ትንፋሽ ሳትስብ መጣ።

«ስሜትሽን በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ እኅት ዓለሜ። ዛሬ ውኃ ጠጥተሻል?»

ፈትለወርቅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ ወረደች። ሐመልማል መሬቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ቀና እስክትል ጠበቀች።

«አጠገብዎ ልቀመጥ?»